«አጥብቆ ይረግማል»፦ የአንድ የስልክ መዝገበ ቃላት ግምገማ በአንድ ቃል

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አብራኝ የምትሠራ ወጣት ተርጓሚ ለአርትዖት ያቀረበችልኝ የአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት መግለጫ፣ «ድርጅታችን በሰላማዊ ሰዎች ላይ የተፈጸመውን ጥቃት አጥብቆ ይረግማል» ይል ነበር። የቀረው ጽሑፍ ሁሉ የተስተካከለ፣ ዐረፍተ ነገሩ የተሟላ፣ ሥርዓተ ነጥቡም እንከን የማይወጣለት ስለነበር ይህች አንዲት ግስ ይበልጥ ጎልታ ታየችኝ፤ የቦርድ አባላቱ ከረባታቸውን እንዳሰሩ ደጅ ወጥተው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ዘርህ አይባረክ» ሲሉ በዓይነ ኅሊናዬ መጡብኝና ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጅቷን ጠርቼ ከየት እንዳገኘችው ብጠይቃት ስልኳን አውጥታ፣ «ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም፤ ስልኩ ነው ያለው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። መተግበሪያው ለእንግሊዝኛው ቃል በአንደኛነት ያስቀመጠው አቻ «ረገመ» ሲሆን፣ «አወገዘ» የተገኘው ከ«ፈረደበት» ቀጥሎ በአራተኛው መስመር ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት የሚከፈልበትን ዕትም ለአንድ ዓመት ገዛሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ የምለው ነገር በእጄ በገቡት ሌሎች የስልክ መዝገበ ቃላት ላይም የሚሠራ ነውና አንዱን ነጥሎ ማሳጣት ተገቢ መስሎ አልታየኝም። መተግበሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ይፈታል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቃላትን በሰው ድምፅ ያሰማል፤ የፈለጉትንም ቃል መዝግቦ ያቆያል። መብራት በጠፋና ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ሥራ ለሚቆምበት ሰው ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን መዝገበ ቃላት የምፈትንበት የቆየ ልማድ አለኝ፦ አንድ ቃል መርጬ እስከ ሩቅ ዘመዱ ድረስ እከታተለዋለሁ። ለዚህኛው የመረጥኩት ያንኑ የተሰናከለበትን ቃል፣ ማውገዝን ነው።

በአማርኛው በኩል ስገባ «ማውገዝ» ብዬ ብጽፍ ምንም አልመጣም፤ «ያወግዛል» ብልም እንዲሁ። በመጨረሻ «ወገዘ» የሚል መነሻ አገኘሁ፤ ይህ ደግሞ በሠላሳ ዓመት የትርጉምና የአርትዖት ሥራዬ ከማንም አፍ ሰምቼው የማላውቅ ቅርጽ ነው። ግእዙ «አውገዘ»፣ አማርኛው «አወገዘ» ይላል እንጂ ያለ «አ» ብቻውን ቆሞ አይሄድም። አዘጋጆቹ ግሱን ከሌሎች ግሶች ጋር በአንድ መልክ ለማስቀመጥ ሲሉ የፊት ፊደሉን ቆርጠው፣ ተጠቃሚው የማይጽፈውን ቅርጽ መግቢያ በር አድርገውታል። በሩን ካለፉ በኋላ የሚገኘው ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል በተርታ፣ ሁለት የአማርኛ ተመሳሳይ («ረገመ፣ ኮነነ») ነው፤ ምሳሌ ዐረፍተ ነገር የለም፤ ማን ማንን፣ ምንስ ሊያወግዝ እንደሚችል የሚጠቁም አንዲት ምልክት እንኳ የለችም።

ይህ ቃል ከሌሎቹ የነቀፌታ ቃላት የሚለየው ሥልጣን የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ማውገዝ ማለት አለመስማማትን መግለጽ አይደለም፤ አንድን ሰው ከማኅበሩ መለየት፣ ከቁርባንና ከአንድነት ማውጣት ነው። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው 318ቱ አባቶች አርዮስን አውግዘው ለይተውታል፤ ከዚያ ጀምሮም «ውጉዝ ከመ አርዮስ» የሚለው አነጋገር ከጉባኤ ቤት ወጥቶ በሕዝብ አፍ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ሠፈር ውስጥ ዕድሩን የካደ ሰው ሳይቀር «ውግዝ ከመ አርዮስ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ የተናገሩት እናት አርዮስ ማን እንደነበር ቢጠየቁ ምን እንደሚመልሱ ባላውቅም፣ ሰውየው ዳግመኛ ከድንኳኑ እንደማይገባ ግን በሚገባ ያውቁ ነበር። የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው በመጨረሻው ቅጠል ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ለይኩን» የሚለውን ያነባል፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ዘበኛና ቁልፍ በሌለበት ዕቃ ቤት መጽሐፉን ይጠብቅ የነበረው ይህ አንድ መስመር ነው፤ «በሥልጣነ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ጸሐፊው በራሱ ስም አላወገዘም፤ ሥልጣን ካላቸው ተውሶ ነው።

መተግበሪያው ይህን ሁሉ ታሪክ እንዲያስተምረኝ አልጠብቅም። ነገር ግን ዛሬ በጋዜጣና በመግለጫ የምንጠቀምበት «አወገዘ» እና ያ የቀድሞው «አወገዘ» ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ «1» እና «2» ብሎ ቁጥር በመስጠት ብቻ ሊነግረኝ ይችል ነበር። በጋዜጣው አማርኛ የሚወገዘው ድርጊት ነው፤ «ጥቃቱን በጽኑ አወገዘ»፣ «መፈንቅለ መንግሥቱን አጥብቆ አወገዘ» ይባላል፤ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ እዚሁ አዲስ አበባ በመሆኑም ለእኔ ቢጤ ተርጓሚ ይህ ሐረግ የዕለት እንጀራ ነው። በቀድሞው አማርኛ ግን የሚወገዘው ሰውየው ራሱ ነው። ስለዚህ «ድርጊቱ ተወገዘ» ቢባል ሰዎች ተቆጡ ማለት ሲሆን፣ «ቄሱ ተወገዙ» ቢባል ግን ቄሱ ከነገ ጀምሮ አይቀድሱም ማለት ነው። መተግበሪያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ዜና የሚተረጉም ሰው በእርሱ ከተመራ የተለየውን ሰው የተተቸ ብቻ አድርጎት ያርፋል።

ሁለቱን ፍቺዎች ለመለየት እኔ የምጠቀምበት ቀላል መንገድ አለ፦ ከቃሉ ኋላ «ተነሣ» የሚለውን ግስ ማስከተል ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም በአገር ውስጥ በነበረውና በስደት በነበረው ሲኖዶስ መካከል በዋሽንግተን ዲሲ ዕርቅ ሲወርድ፣ የቆየው ውግዘት «ተነሣ» ተብሏል፤ የታሰረ ነገር ነበርና ተፈታ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሚኒስቴር ያወጣው ውግዘት ግን «ተነሣ» አይባልም፤ ሊነሣ የሚችል ነገር አልተጣለበትምና። ይረሳል እንጂ አይነሣም። አንድ ጥሩ መዝገበ ቃላት ከ«ውግዘት» ሥር «ጣለ፣ አስተላለፈ፣ አነሣ» የሚሉትን ግሶች ቢደረድር ተማሪው ሌላ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይገባዋል።

የሁለቱን ልዩነት ከ1928 ዓ.ም ክረምት አብልጦ የሚያሳይ ጊዜ አላውቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ፤ ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ መሆኗን ቀደም ሲል ገልጾ ማዕቀብ ጥሎ የነበረ ቢሆንም፣ ከንግግሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ማዕቀቡ ተነሣ። የተነሣው ማዕቀቡ መሆኑን አስተውሉ፤ ነቀፌታውማ በወረቀት ላይ እንዳለ ቀርቷል፤ ማንንም ስላላሰረ ማንም ሊፈታው አላስፈለገውም። ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደብድበው ከመገደላቸው በፊት፣ ሕዝቡም ምድሪቱም ለፋሽስት እንዳይገዙ አውግዘዋል። የዚህ ዐረፍተ ነገር አሠራር ራሱ የተለየ ነው፦ «ጣሊያንን አወገዙ» አልተባለም፤ «እንዳይገዙ» በሚል አሉታዊ ግስ የታጠረ፣ ሰሚውን የሚያስር ትእዛዝ ነው። በአርበኝነቱ ዘመን ሰው ይህን ቃል እንደ አንድ መግለጫ ሳይሆን እንደ አጥር ነው ያየው። መተግበሪያው «እንዳይ… አወገዘ» የሚለውን አገባብ ጨርሶ አያውቀውም፤ እንግሊዝኛውም በአንድ ቃል አቻ ስለማይሰጠው ይመስለኛል የተዘለለው።

ከዚህ ቤተሰብ የቤት ልጅ የሆነው ግን «ግዝት» ነው፤ በዚህም ላይ መተግበሪያው ይበልጥ አሳዝኖኛል። አያቴ ወር በገባ በ12፣ በ21 እና በ29 እንዝርትና የጥጥ መሶቧን ወደ ጓዳ ገፍታ፣ «ዛሬ ግዝት ነው» ትል ነበር፤ ሚካኤል፣ ማርያምና በዓለ ወልድ በየወሩ ሥራ የሚከለከልባቸው የግዝት በዓላት ናቸውና። አጎቴ ጠጅ መጠጣት ባቆመ ጊዜ «ተወ» አልተባለም፤ «ተገዘተ» ነው የተባለው፤ የነፍስ አባቱ ፊት ቀርቦ ራሱን በራሱ አስሯልና፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በልጁ ሠርግ ላይ ሲጠጣ የታየ ጊዜም «ግዝቱን አፈረሰ» ተብሎ ነው የታማ። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ ሁለት ጎረምሶች ዱላ ተማዝዘው መንገድ ላይ ሲተናነቁ አንድ ቄስ ከጋቢያቸው ሥር መስቀል አውጥተው መሐል ገቡና፣ «ገዝቼአችኋለሁ! ብትነካኩ ገዝቼአችኋለሁ!» ሲሉ አይቻለሁ። ጎረምሶቹ ዱላቸውን እንደጨበጡ ቆሙ፤ አንደኛው እየተንቀጠቀጠ ምራቁን መሬት ላይ ተፋና ፊቱን አዞረ። ፖሊስ ቢመጣ እንዲያ የሚቆሙ አይመስለኝም።

«ግዝት» ብዬ መተግበሪያውን ስጠይቀው «ግዝረት ለማለት ፈልገው ይሆን?» አለኝ። እንዲህ ያለው ምላሽ ለአንድ ደቂቃ ያስቃል፤ ነገር ግን በውጭ አገር ተወልዶ የአያቱን ቃል ሊፈልግ ስልኩን የከፈተ ልጅ አያቱ የከለከሉት የጥጥ ሥራ ሳይሆን ሌላ ነገር መስሎት እንዳይቀር እሰጋለሁ። ገንዘብ የሚከፈልበት መዝገበ ቃላት ያልያዘውን ቃል «የለኝም» ብሎ ቢያልፍ ይሻለዋል።

ወደ ጎረቤቶቹ ቃላት ስንሻገር ነገሩ ይቀላቀላል። መተግበሪያው «ተቸ»ን፣ «ነቀፈ»ን፣ «ወቀሰ»ን፣ «ገሠጸ»ን፣ «ኮነነ»ን፣ «አወገዘ»ን እና «ረገመ»ን እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ አድርጎ ያገናኛቸዋል፤ አንዱን ሲነኩት ወደ ሌላው ይወስዳል፣ ያም ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። አማርኛ ተናጋሪ ግን እነዚህን ቃላት የሚመርጠው በቁጣው ልክ ብቻ ሳይሆን ከሰውየው ጋር ባለው ዝምድና ነው። የሚወቀሰው ወዳጅ ወይም ዘመድ ነው፤ ከአንድ ሰው የምጠብቀው ነገር ከሌለ ልወቅሰው አልችልም፤ «ምነው ሳትጠይቀኝ ቀረህ» የሚለው ወቀሳ ውስጡ ናፍቆት አለበት። ተግሣጽ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ አባት ልጁን፣ መምህር ደቀ መዝሙሩን ይገሥጻል፤ ልጅ አባቱን ገሠጸ ቢባል ጆሮ ይቆማል። ትችት ለሥራ፣ ነቀፌታ ለጠባይም ለሥራም ይሆናል። «ኮነነ» በግእዙ ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው፤ «መኮንን» የሚለው ማዕረግ የዚያው ሥር ፍሬ ነው፤ «ኩነኔ» ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «አትኮንነኝ» ሲል «አትስደበኝ» ማለቱ ሳይሆን፣ «ፈራጅ አትሁንብኝ» ማለቱ ነው። «ረገመ» ከሁሉም የሚለየው ክፉ መመኘት ስላለበት ነው፤ የእናት እርግማን የሚፈራው ፍርድ ስለሆነ ሳይሆን ይደርሳል ተብሎ ነው። ለዚህ ነው አንድ ድርጅት ሊረግም የማይችለው፤ እናትም፣ አንጀትም የለውም።

«ነውር»ን ደግሞ መተግበሪያው «ኀፍረት» ብሎ ፈትቶት አልፏል። የቃሉ የቆየ ፍቺ እንከን ነው፤ በኦሪት ለፋሲካ የሚታረደው ጠቦት «ነውር የሌለበት» እንዲሆን ታዟል፤ ጠቦቱ እንዲያፍር የጠየቀው የለም። ዛሬ «ነውር ነው!» የሚለው አነጋገር ባለቤት የለውም፤ ተናጋሪው «እኔ አልወደድኩትም» ሳይሆን «አገር አይወደውም» ማለቱ ነው፤ ስለዚህም ማንም ትልቅ ሰው ለማያውቀው ልጅ በመንገድ ላይ ሊለው ይችላል። ታክሲ ውስጥ ለአዛውንት ወንበሩን ያልለቀቀ ተማሪን «አወግዝሃለሁ» የሚል የለም፤ «ኧረ ነውር ነው፣ ልጄ» ነው የሚባለው፤ ልጁም ይነሣል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ብርቱ ነው ቢባል መዝገበ ቃላቱ ማውገዝን ያስቀድማል፤ ታክሲው ውስጥ ግን ነውር ነው ሥራ የሠራው።

ስለ ፍለጋው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ጊዜዬን አብልጦ የበላው እርሱ ነውና። «ገሠጸ» የሚለውን ቃል ሰው በአራት መንገድ ይጽፈዋል፦ ገሠጸ፣ ገሰጸ፣ ገሠፀ፣ ገሰፀ። መተግበሪያው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ በሦስቱ የጻፈ ሰው «አልተገኘም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ሞክሼ ፊደላት ትክክለኛ ቦታ አላቸው ብዬ ከሚከራከሩት ወገን ነኝ፤ ሆኖም ፈላጊው በየትኛውም ፊደል ቢመጣ አስተናግዶ፣ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን አጻጻፍ ማሳየት የመዝገበ ቃላቱ ሥራ እንጂ የፈላጊው አይደለም። የእርባታው ችግርም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ በንባብ የምናገኘው «እንዳያወግዝ»፣ «ሲያወግዙት»፣ «የተወገዘው» ነው እንጂ መነሻ ግሱ አይደለም። ተናጋሪው መነሻውን ያገኘዋል፤ ቋንቋውን ገና የሚማረው ሰው ግን ከበሩ ይመለሳል።

በአንጻሩ ድምፁ ግሩም ነው። ጥብቀትና ልላት በፊደላችን ስለማይጻፉ የቃሉን ድምፅ ከሰው አንደበት መስማት ለተማሪ ከየትኛውም ማብራሪያ ይበልጣል፤ የምታነበው ሴትም ያልቸኮለች፣ ቃሉን የማታኮማትር፣ የዜና አንባቢ ለዛ የሌለባት ናት። የመዘገብኳቸው ቃላት ስልክ ስቀይር አብረውኝ መጥተዋል። ማስታወቂያ የለበትም። የፊደሉ መጠን ስለሚያድግም መነጽሬን ረስቼ በወጣሁባቸው ቀናት አገልግሎኛል።

በየካቲት ወር ለአዘጋጆቹ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ስለ «ወገዘ»፣ ስለ «ግዝት»፣ ስለ አራቱ «ገሠጸ» እና ስለ «ረገመ» ደረጃ። በሦስተኛው ቀን በትሕትና የተጻፈ አጭር መልስ መጣልኝ፤ በሰኔ በወጣው ማሻሻያም «አወገዘ» በመጀመሪያው መስመር ላይ ተቀምጦ፣ «ረገመ» ወደ ታች ወርዶ አገኘሁት፤ «ጥቃቱን አጥብቆ አወገዘ» የሚል ምሳሌም ተጨምሮለታል። «ግዝት»ም ገብቷል፤ ፍቺው ግን «ክልክል» ብቻ ይላል፤ ቀኑም፣ ቄሱም፣ መሐላውም የለበትም። ሰውን ስለመለየት የሚናገረው የ«አወገዘ» ፍቺ እስካሁን አልተጨመረም፤ አራቱ «ገሠጸ» ሁለት ሆነዋል።

ለዜና፣ ለቢሮ ደብዳቤና ለዕለት ንባብ ለሚፈልገው ሰው መተግበሪያው ለዋጋው ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ የቆየ ጽሑፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ወይም የአያት ንግግር ለሚተረጉም ግን ብቻውን አይበቃም። ባልደረባዬ አሁንም ትጠቀምበታለች፤ ባለፈው ሳምንት ያቀረበችልኝ መግለጫ «በጽኑ ያወግዛል» ይል ነበር፤ አላረምኩትም። የእኔ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አድሰዋለሁ። ቃላትን በየሥራቸው ሰብስቦ የሚያስቀምጠውን፣ ደራሲው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም የታተመውን ወፍራሙን የግእዝ መዝገበ ቃላት ግን ከጠረጴዛዬ ላይ አላነሣሁትም።